19ኛው መስመር፦ ከአንድ የደሴ ጽዋ ማኅበር መዝገብ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር ውስጥ ከነሐሴ 2013 እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. የሆነውን አንድ ጉዳይ የሚያትት ነው። በወቅቱ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ በእጄ ይገኛል። የሰዎቹን ስም፣ ሰፈሩንና ደብሩን ሆን ብዬ ትቻለሁ። በከተማችን የጽዋ ማኅበር ብዙ፣ ጠባያችንም ተቀራራቢ ስለሆነ አንባቢው የራሱን ሰፈር ሰዎች ቢያስብ አልቀየመውም። ጉዳዩን የምጽፈው ግን ከዳር ቆሞ እንደተመለከተ ሰው አይደለም፤ ውሳኔው የሰፈረው በእኔው የእጅ ጽሕፈት ነው።

ማኅበሩና ሰዎቹ

ማኅበሩ 24 አባላት ነበሩት። ወር በገባ በ12 ቀን ተራው በደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፣ ጠላው ይቀዳል፣ ስለታመመውና ስለተቸገረው ይወራል፣ በመጨረሻም በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለመጪው ወር ባለተራ ይሰጣል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። መዝገቡ የአባሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ የሚጻፍበት፣ መዋጮና መቀጫም የሚመዘገብበት ዓምድ አለው፤ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ አለ። ያ ቦታ ባዶውን ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሙሴአችን፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ በእህል ንግድ የኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። አንባቢ ከወዲሁ በክፉ እንዳያያቸው እሰጋለሁ። ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፤ ቅዳሴ ሲቆሙ መቋሚያ አይደገፉም፤ ሰባቱን አጽዋማት አንድም ሳያጓድሉ ይጾማሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለታይታ ነው ብዬ አልናገርም፤ በቤታቸው አድሬ አውቃለሁና፣ ማንም በማያያቸው ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ ሰምቻለሁ። ግብዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታየን በልቡ ሳያምን በአፉ የሚያስመስል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቶሎ ስለሚነቃበት ጉዳቱ ያን ያህል አይሰፋም። እኛ የገጠመን ግን ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር፤ ለመናገር የከበደንም ስለዚሁ ነው።

በመዝገቡ 19ኛ መስመር ላይ የሰፈሩት ወይዘሮ ደግሞ እንጀራ ጋግረው በቁጥር የሚያስረክቡ፣ በበዓል ሰሞን ጠላ የሚጠምቁ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወደ ማኅበሩ ሲገቡ «ጠላ ሻጭ በማኅበር?» ያለ ሰው ነበር፤ ካህኑ «ነውሩ ስትሸጠው ነው ወይስ እናንተ ስትጠጡት?» ብለው ዝም አሰኙት። ከገቡ በኋላም ሁላችን አንቱ እየተባባልን፣ ከግማሻችን በዕድሜ የሚበልጡትን እኚህን ሴት ብቻ «አንቺ» እንላቸው ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው። ብዕሬ «እርሷ» ብሎ ሁለት ገጽ ሄዶ ነበር፤ ተመልሼ አረምኩት።

የነሐሴ ወር

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከራያ ቆቦና ከወልድያ አካባቢ ያፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶች ለክረምት ተዘግተው ስለነበር ወንበሮቹ ወደ ደጅ ወጡና በየክፍሉ ቤተሰብ ገባበት። ክረምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም እስከ ረፋድ አይገለጥም፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ወቅቱም ፍልሰታ ነበር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ምእመኑ እስከ ቅዳሴ መውጫ፣ ማለትም እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልም ውሃም ሳይቀምስ ይውላል።

ወይዘሮዋ ምጣዳቸውንና ትልቁን ብረት ድስታቸውን አስጭነው በሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዱ። የእንጀራ ደንበኞቻቸውን ለሌላ ጋጋሪ ለቀቁ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር የሚያስረክብ ሰው ያውቃል፣ የለቀቁት ደንበኛ አይመለስም። አብረዋቸው አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸው ይውሉ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አንድ አጥር ይጋራሉ፣ በአንድ ቅሬም (በሌላው አገር እድር በሚባለው) ናቸው። ጠዋት አብረው ይሄዳሉ፣ ማታ አብረው ይመለሳሉ፤ በመካከሉ ሽሮና ምስር ይሠራሉ፣ ለሕፃናቱ ደግሞ የተገኘውን ወተት ያፈላሉ።

በዚያው ሰሞን ሙሴው ሁለት ኩንታል ዱቄት ለተፈናቃዮች ሰጥተዋል። ስጦታው በዐውደ ምሕረቱ በድምፅ ማጉያ ተነግሮ እልል ተብሎላቸዋል። በዚህ ላይ ማፌዝ ቀላል ነው፤ ዱቄቱ ግን የምር ዱቄት ነበር፣ የተራበ ሕፃንም በልቶታል። የዚያን ዱቄት እንጀራ የጋገሩት ወይዘሮዋ መሆናቸውን ሙሴው አላወቁም። እኛ ሁላችን የምናውቀው ሌላ ነገርም ነበር፦ ሙሴው በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች በአንዱ ለገባ ተፈናቃይ ቤተሰብ ኪራዩን ከቀድሞው ተከራይ አስበልጠው ነው የተቀበሉት። ይህን አንሥቶ የተናገረ አልነበረም። በመዝገባችን የኪራይ ዓምድ የለም።

ነሐሴ 12 ማኅበሩ ሲሰበሰብ ወይዘሮዋ ቀሩ። መቅረታቸው ብቻውን መቀጫ እንጂ ጥፋት አልነበረም። ነገር ግን አንድ አባል በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፍ ያየውን አወራ፤ ወተት ሲፈላ፣ ከሙስሊሟ ጎረቤት ጋር በአንድ ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ሲቀማመሱ፣ ያውም ገና በስድስት ሰዓት። «በፍልሰታ!» አለ። ሙሴው ከንፈራቸውን መጠጡ። ያች የከንፈር መምጠጥ ለአንድ ወር ያህል በሰፈሩ ዞራ፣ በየቤቱ ትንሽ ትንሽ እየወፈረች፣ መስከረም ላይ ክስ ሆና ተመለሰች።

የመስከረም 12 ውሳኔ

መስከረም 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ጽዋውን የሚረከቡት ወይዘሮዋ ነበሩ። ሙሴው ከጸሎቱ በኋላ ተነሥተው «ጾም የሻረ እጅ የመልአኩን ጽዋ ሊይዝ አይገባም፤ ማኅበራችን እንደ ሌላው አይደለም» አሉ። «እንደ ሌላው አይደለም» የምትለውን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው በመቅደስ ቆሞ «እንደ ሌሎች ሰዎች አይደለሁም» ብሎ ሲያመሰግንና በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደሚጾም ሲቆጥር ሰምተን እናውቃለን። ረቡዕና ዓርብን ለምንጾም ሰዎች ቁጥሯ እንኳ ሳትቀር የእኛው ናት፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈች አድርገን ነው የምንሰማት።

ካህኑ ተቃወሙ። ጾም የሻረ ሰው ቢኖር ጉዳዩ የእርሱና የንስሐ አባቱ እንደሆነ፣ ማኅበር ጽዋ ሊጠጣና ድሃ ሊረዳ እንጂ ኃጢአት ሊመዘግብ እንዳልተቋቋመ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ ስለሌለበት ወተት ማፍላት ጾም መሻር እንደማይባል በረጋ ቃል አስረዱ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሆነ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። ሙሴው ግን «አባ፣ ወተቱን ተዉት፤ መቅመሷስ?» አሉ። ካህኑ «ጠይቃችኋታል?» ሲሉ የመለሰ ሰው የለም። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። ጥያቄው በቤቱ መካከል ወድቆ ቀረ፤ የሚያነሣው ጠፋ።

በመዝገቡ «ምርመራ» በሚለው ዓምድ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «በጾም ወቅት ከማይጾም ሰው ጋር ስትመገብ በመታየቷ ከማኅበሩ ተሰናብታለች።» መቅመሱ «መመገብ» ሆነ፤ እንዲህ ያጠናከርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል፤ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ነገሩ በራሱ ጊዜ እየጠነከረ ይሄዳል።

ወይዘሮዋ አርፍደው መጡና በር ላይ ቆመው ውሳኔውን ሰሙ። ነጠላቸው የጭስ ሽታ ነበረው። «የቀረሁበት መቀጫ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። በገንዘቡ ዓምድ «ተከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደሴ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በጥቅምት ከተማዋ ተያዘች፣ እግር ያለው ወደ ኮምቦልቻና ከዚያም አልፎ ሄደ፣ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ማኅበርም ጽዋም አልነበረም። ሙሴው አዲስ አበባ ልጆቻቸው ዘንድ ቆዩ። ወይዘሮዋ የሚሄዱበት አልነበራቸውምና እዚሁ ሰነበቱ። ማኅበሩ በጥር እንደገና ሲሰበሰብ ስለ 19ኛው መስመር ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ ሁሉም የራሱን የጎደለ ነገር ይቆጥር ነበር።

ስለ ወሎና ስለ አያት ስም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመሩት ጉባኤ ተደርጎ በሊቃውንቱ መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ተዘጋ፤ ተከትሎም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ደሴን መናገሻቸው አደረጉ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» አሉት፤ ሰው ሳይናቅ የሚበላበት ለማለት ነው። በትእዛዝ የተጀመረ ሃይማኖት በልጅ ልጅ ዘመን እውነተኛ እምነት ሊሆን ይችላል፤ ለብዙዎቻችን ሆኗልም። ለዚህ ነው በወሎ አንዱ ወንድም ሰላት፣ ሌላው ቅዳሴ የሚሄድበት ቤት የማያስገርመው፤ ለድግስ ሁለት በሬ ተጥሎ በሁለት ቢላ የሚታረደው፤ ቅሬውም የሟቹን ሃይማኖት ሳይጠይቅ ድንኳን የሚተክለው።

ይህን የምጽፈው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ከጥር ስብሰባ በኋላ መዝገቡን ስገለብጥ የአያት ስም ዓምድ ላይ ዓይኔ አረፈ። ከ24ቱ አባላት የሰባቱ አያት ዓሊ፣ ሰይድ፣ እንድሪስ ወይም መሐመድ ነው። ከሰባቱ አንዱ ሙሴው ናቸው፣ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። «ከማይጾም ሰው ጋር» ብዬ የጻፍኩት ቃል አያቴን የሚጨምር መሆኑን ያኔ አላሰብኩም። ደግሞም «የማይጾም» ማለቴ በራሱ ውሸት ነበር፤ ጎረቤቲቱ ዓመት ቆጥረው ረመዳንን የሚጾሙ ሴት ናቸው፤ በእኛ ቀን አልጾሙም ማለት ነው እንጂ።

በድንኳኑ ጓሮ

በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ መካከል፣ የሙሴው ታላቅ እኅት አረፉ። ቅሬው እንደ ወጉ ድንኳን ተከለ፤ ወይዘሮዋም ጎረቤቲቱም የቅሬው አባል ስለሆኑ ከጓሮው ማጀት ገቡ። ከማኅበር የተባረረ ሰው ከቅሬ አይባረርም። በሁለተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ለካህናቱ የእጅ ውሃ ልጠይቅ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ትልቁ ብረት ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ ሽሮው ይንተከተካል። ወይዘሮዋ በጭልፋ ቀዱና ወደ አፋቸው ሳያስጠጉ በጎረቤቲቱ መዳፍ ላይ ጠብ አደረጉላቸው። ጎረቤቲቱ እፍ እፍ ብለው ላሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡና «አንሷል፤ አንድ እፍኝ ጨምሪበት» አሉ። ወይዘሮዋ ጨመሩ። አማሰሉ። እንደገና ቀዱ፣ እንደገና መዳፍ ላይ። «አሁን ደህና ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቲቱ አይተውኝ «አያ፣ ምን ፈለጉ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እርሳቸው ራሳቸው ለምን አይቀምሱትም?» ስል በሞኝነቴ ሳቁ።

«ጾም ላይ አይደለች እንዴ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምን ብላ ምላሷን ታስነካለች? ያኔ ትምህርት ቤትም እኮ ይዛኝ የሄደችው ለዚሁ ነው፤ ለጨው። ያ ሁሉ ሰው ጨው የሌለው ወጥ ይብላ?»

ማኅበርተኛው በስድስት ሰዓት በድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው ያያቸው ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ቀማሽ አንዷ ጠባቂ ነበሩ። ጾሙን ለማፍረስ የተሰበሰቡ የመሰሉን ጾሙ እንዳይፈርስ ነው የተሰበሰቡት። ወይዘሮዋን «ታዲያ በመስከረም ለምን ይህን አልነገሩንም?» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያልኳቸው ያኔ ይመስለኛል። ከድስቱ ቀና አላሉም።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ጥቂት አማስለው ደግሞ «ጾሜን ለሰው እየተናገርኩ ምኑን ጾምኩት» አሉ።

ዞር ስል ሙሴው ከኋላዬ ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እኔም የመጣሁበትን የእጅ ውሃ ረስቼ ልከተላቸው ስል፣ ጭንቀቴን ለመሸፈን ይሁን አላውቅም፣ «ረመዳን ሊገባ ነው፤ ሁዳዴም አላለቀም። ያኔ ማን ሊቀምስላችሁ ነው?» አልኩ። ጎረቤቲቱ ከማገዶው አጠገብ ቆሎ የሚቆረጥም ስድስት ዓመት የማይሞላው የልጅ ልጃቸውን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እሱ አለ። የማንም ጾም ገና አልደረሰበትም።» በእርግጥም በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ሦስት ሳምንት ያህል ተደራርበዋል።

ስለ ጉዳዩ ያለኝ አስተያየት

ጉዳዩን ለሚያነብ ሰው የሚቀናው ፍርድ «ሥርዓት ልብን ያደርቃል፤ ዋናው ፍቅር ነው» የሚለው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከ24ታችን ሥርዓቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የጠበቁት ከሥርዓት ወጡ ተብለው የተባረሩት ሴት ናቸው። ከጭስና ከሚንተከተክ ድስት አጠገብ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍን ዘግቶ መዋል፣ ቤቱ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመተኛት ጋር አንድ አይደለም። ጾማቸውና ሥራቸው አልተጣሉባቸውም፤ ለጾሙ ሲሉ ሥራውን አልተዉም፣ ለሥራው ሲሉም ጾሙን አላፈረሱም። ዘዴው የጎረቤት መዳፍ ሆነ።

የእኛ ስሕተት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የራሳችንን ጾም በውስጣችን እናውቀዋለን፤ ድካሙንም ምክንያቱንም እናውቅለታለን። የሌላውን ጾም ግን ከውጭ ብቻ ነው የምናየው፤ ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሚዛን እናስቀምጣለን። ሙሴው ኪራዩን ሲጨምሩ ምክንያት ነበራቸው፤ እህል ተወዷል፣ ልጅ ያስተምራሉ። ወይዘሮዋ በድስት ላይ ጎንበስ ሲሉ ግን ምክንያት ሊኖራቸው እንደሚችል ለማሰብ አልጣርንም። ለራስ ምክንያት፣ ለሌላው መዝገብ፤ ራስን ከፍ ማድረግ በዚህች መንገድ ሲገባ ድምፅ የለውም። ጸሎተኛውን ሰው ከማንም ይልቅ የሚያገኘውም ጸሎተኛ ስለሆነ ነው፤ የሚቆጥረው ነገር አለዋ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚወቅሳቸው ሰዎች ጾም የማያውቁ አይደሉም፤ ጾመው «ለምን አላየህልንም?» የሚሉ ናቸው።

ካህኑም ከነቀፋ አያመልጡም። ትክክለኛውን ቃል ተናገሩ፤ ሰሚ ሲያጡ ግን ጽዋውን ባርከው ሄዱ። ይህን ስነግራቸው «እውነትህን ነው» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ

ግንቦት 12 ቀን ማኅበሩ በሙሴው ቤት ነበር። ከጸሎት በኋላ እርሳቸው ራሳቸው «ጸሐፊ፣ ያን የ19ኛውን ጽሑፍ ሰርዘው» አሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ግማሹ ነገሩን ሰምቷል፣ ግማሹም እንዳልሰማ መምሰል መርጧል። በጽሑፉ ላይ መስመር አሰመርኩበት፤ ቀለሙ ስለሳሳ ግን ከሥሩ ያለው ቃል ዛሬም ይነበባል።

የመስከረሙን መቀጫ ይዤ ወደ ወይዘሮዋ ቤት የተላክሁት እኔ ነኝ። ገንዘቡን አልተቀበሉም፤ «የቀረሁበት ነው፤ ቀርቻለሁ» አሉ። ወደ ማኅበሩ እንዲመለሱ ስለምናቸው በትሕትና ምክንያት ሰጡኝ፤ በ12 ቀን የሚያስረክቡት እንጀራ እንዳለባቸው፣ ደንበኞቻቸውን ገና እንደ አዲስ እያፈላለጉ መሆናቸውን ነገሩኝ። ቡና አፍልተው ሦስቱንም ሳላዳርስ አልለቀቁኝም። በሦስተኛው ላይ ጎረቤቲቱ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብለው «ማነው?» አሉ፤ «የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው» ሲባሉ «እኚያ የጨውን ነገር የጠየቁት?» ብለው እንደገና ሳቁብኝ።

ሙሴው ይቅርታ ሊጠይቁ ወደዚያ ቤት አልሄዱም፤ ኪራዩንም ዝቅ አላደረጉም። ነገር ግን ሲነጋ ከኪዳን ሲመለሱ ወይዘሮዋን የእንጀራ መሶብ አዝለው በመንገድ ባገኟቸው ቁጥር ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንዴት አደሩ?» ይሏቸዋል። ወይዘሮዋ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላቸው አይዞሩም።